ለአሰላ የራሷ አድራሻ



ንግግሬን በእጃችሁ ባለው ነገር ልጀምር። ዋይፋይ ዝጉና ሞባይል ዳታ ክፈቱ። ወደ ስልካችሁ ሴቲንግ ግቡ፤ ስለ ስልኩ የሚገልጸውን ክፍል ከፍታችሁ አይፒ አድራሻ የሚል መስመር ፈልጉ። በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው ቁጥር 10 ከሆነ፣ ወይም 100 ሆኖ ተከታዩ ከ64 እስከ 127 ካለው ውስጥ ከሆነ፣ ያ አድራሻ ከስልክ ኩባንያው መረብ ውጭ አይታወቅም። አዳማም፣ ናይሮቢም፣ ሊማም ያንኑ ቁጥር የያዙ ስልኮች አሉ። ወደ ዓለም ኢንተርኔት ስትወጡ የምትወጡት በሌላ አድራሻ ነው፤ እሱንም ከማታውቋቸው ብዙ ሰዎች ጋር ትጋሩታላችሁ።

ከሥሩ ቁጥርና የላቲን ፊደል የተቀላቀለበት ረጅም መስመር ያየ ካለ ደግሞ በደንብ ይመልከተው። በኤፍ እና በኢ ፊደላት ከጀመረ ከስልኩ ጋር አብሮ የሚኖር የቅርብ አድራሻ ነው፤ ከመረቡ አልፎ አይሄድም። በ2 ቁጥርና በሲ ፊደል ከጀመረ ግን ለአፍሪካ ከተመደበው አዲስ የአድራሻ ክምችት የተሰጠ ነው። እሱን በዓለም ላይ ሌላ ማንም አልያዘውም። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ሁለተኛ ዓይነት አድራሻ ነው፤ አይፒ ቪ ሲክስ ስለሚባለው፣ በአጭሩ አይፒቪ6።

የምሟገትለትን ከወዲሁ ልንገራችሁ። የራሱ አድራሻ የሌለው ሰው ኢንተርኔት ላይ ሌላውን ፈልጎ ያገኛል፤ ሌላው ግን እሱን ፈልጎ አያገኘውም። አርሲ ስንዴውንና ገብሱን ለአገራችን፣ ሯጮቹን ለዓለም ያደረሰ ምድር ነው። በኢንተርኔት በኩል ግን እስከ ዛሬ ተቀባይ ብቻ ሆኖ ኖሯል። ለዚህ ብዙ ምክንያት አለ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ግን ቴክኒካዊ ነው፣ መፍትሔውም ተሠርቶ ካለቀ ቆይቷል።

ነገሩ ከየት መጣ? ኢንተርኔት የሚሠራው መልእክትን ቆራርጦ በመላክ ነው። ፎቶም ይሁን ድምፅ፣ ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ ቁርጥራጮች ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ፓኬት ግንባሩ ላይ የላኪውንና የተቀባዩን አድራሻ ይሸከማል። በመንገድ ላይ ያሉት ራውተሮች የተቀባዩን አድራሻ እያነበቡ ያሳልፉታል። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው ደንብ፣ ማለትም በአይፒቪ4፣ ለአንድ አድራሻ የተመደበው ቦታ 32 ቢት ነበር። ቢት ማለት ዜሮ ወይም አንድ ነው። 32 ቢት ቢፈራረቅ የሚሰጠው 4,294,967,296 አድራሻ ነው፤ ከዚያ አንድም አይጨምርም። ይህን ልክ ከወሰኑት አንዱ የሆኑት ቪንት ሰርፍ፣ በ1977 ውሳኔው ሲደረግ ሥራው ገና ሙከራ ነው ብለው ያስቡ እንደነበር ኋላ ላይ ደጋግመው ተናግረዋል። በዚያ ዘመን የነበሩት ኮምፒውተሮች በመቶ የሚቆጠሩ ስለነበሩ አራት ቢሊዮን የማያልቅ ይመስል ነበር።

አከፋፈሉም ፍትሐዊ አልነበረም። በአሜሪካ ኤምአይቲ የሚባለው አንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻውን ከ16 ሚሊዮን በላይ አድራሻ ተሰጥቶት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ከዚያው ላይ ቆርሶ ለአማዞን ሸጠ። ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ የድግሱ ከፊል ካለቀ በኋላ ማለት ነው። የአፍሪካን አድራሻ የሚያድለው አፍሪኒክ የተባለው ተቋም በሞሪሺየስ ሥራውን በይፋ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነበር። የዓለም ማእከላዊ ክምችት እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 2011 ባዶ ሆነ። አህጉራችን በሙሉ የደረሳት ከመቶው ሦስት ያህሉ ብቻ ነው። ከጥር 2020 ጀምሮ ደግሞ አፍሪኒክ ለአንድ ጠያቂ በአንድ ጊዜ ከ1,024 አድራሻ በላይ አይሰጥም። በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ደንበኛ ያለው ኩባንያ በ1,024 አድራሻ ምን ያደርጋል?

የቁጥር ማለቅ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ከመካከላችሁ በዕድሜ ጠና ያላችሁ መስከረም 1998 ዓ.ም.ን ታስታውሳላችሁ። የቤት ስልካችን ባለ ስድስት አኃዝ ነበር፤ ደንበኛው ሲበዛ ስድስቱ አልበቃ አለና ወደ ሰባት ከፍ ተደረገ፣ የአካባቢ መለያችንም 02 የነበረው 022 ሆነ። ዛሬ የአሰላ መደበኛ ስልክ 022 331 ብሎ የሚጀምረው ከዚያ ወዲህ ነው። ለጥቂት ጊዜ ግራ ተጋባን፣ በየሱቁ የተጻፈውን ታፔላ አደስን፣ ከዚያ ለመድነው። ኢንተርኔትም ያስፈለገው ይኸው ነው፤ ቁጥሩን ማስረዘም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ የስልኩን መረብ በሙሉ የያዘው አንድ ድርጅት ስለነበር ቀን ቆርጦ መቀየር ቻለ። ኢንተርኔት ግን ባለቤት የለውም። በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ መረቦች ተስማምተው በአንድ ሌሊት ሊቀየሩ አይችሉም። በዚያ ላይ የአጭሩና የረጅሙ አድራሻ ባለቤቶች በመካከላቸው አስተርጓሚ ካልገባ በቀጥታ አይነጋገሩም። የአይፒቪ6 ደንብ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1995 ሲሆን እስካሁን ሁለቱ ጎን ለጎን የሚኖሩት በዚህ ምክንያት ነው።

በመካከሉ ዓለም የቸገረውን በዘዴ ሲገፋው ኖረ። ዘዴው ናት ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ተጽፎ ወጣ። አንድ እውነተኛ አድራሻ በአንድ ሳጥን ላይ ይቀመጥና ከኋላው ያሉ ኮምፒውተሮች በሙሉ በእሱ ስም ይወጣሉ። ሳጥኑ የትኛው ጥያቄ ከየትኛው ኮምፒውተር እንደመጣ ፖርት በሚባል ቁጥር ይመዘግባል፤ መልሱ ሲመጣ መዝገቡን አይቶ ለባለቤቱ ያደርሳል። በቤት ውስጥ ይህ በጎ ዘዴ ነበር። ችግሩ የጀመረው የስልክ ኩባንያዎች በከተማና በክልል ደረጃ ሲያደርጉት ነው። ለአንድ አድራሻ ያለው የፖርት ብዛት 65,536 ነው፤ አንድ ዘመናዊ ስልክ ደግሞ ባለቤቱ ሳያውቅ በደርዘን የሚቆጠሩ ግንኙነቶችን በአንዴ ይከፍታል። ስለዚህ መጨናነቁ አይቀርም።

የመጨናነቁን ውጤት ታውቁታላችሁ፤ ስሙን ብቻ አታውቁት ይሆናል። ድረ ገጽ ስትከፍቱ ሮቦት አለመሆናችሁን አረጋግጡ፣ የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች ምረጡ የሚለው ጥያቄ የሚደጋገምባችሁ አንዱ ምክንያት፣ ከእናንተ ጋር በአንድ አድራሻ የወጣ ሌላ ሰው የሠራው ጥፋት ነው። ከዚህ የከፋም ደርሷል። እ.ኤ.አ. 2006 ሲያልቅ 2007 ሲገባ ዊኪፔዲያ አንድ አበላሺ ጸሐፊን ለማገድ አንድ አድራሻ ዘጋ። ያ አድራሻ የኳታር ሕዝብ ሁሉ የሚወጣበት ሆኖ ተገኘና አገሪቱ በሙሉ ለጥቂት ሰዓታት ስሟን ሳትመዘግብ ጽሑፍ ማረም ተከለከለች። አድራሻ ሲጋሩ ቅጣትም ይጋራሉ።

ግን የእኔ ትልቁ ሐዘን ይህ አይደለም። በቆጂ ላይ የገብስ መጋዘን ያለው ነጋዴ አስቡ፤ ቤተሰቡ አዳማ ነው፣ መጋዘኑን በስልኩ ማየት ይፈልጋል። ካሜራ ይገዛል፣ ከኢንተርኔት ጋር ያገናኛል። ካሜራው ግን ከውጭ የሚደረስበት አድራሻ የለውም፤ ነጋዴው ከአዳማ በቀጥታ ሊጠራው አይችልም። ስለዚህ ካሜራው ራሱ ባሕር ተሻግሮ አምራቹ ወዳቆመው ሰርቨር ይደውላል፣ የነጋዴውም ስልክ ወደዚያው ይደውላል፣ ሁለቱ በሰው አገር ይገናኛሉ። ከበቆጂ አዳማ የሚደርስ ሥዕል አህጉር አቋርጦ ሄዶ አህጉር አቋርጦ ይመለሳል። አገራችን በውጭ ምንዛሪ የምትከፍልበት ዓለም አቀፍ መስመር ለዚህ ይባክናል። የመጋዘኑ ምስል በማን እጅ እንዳለፈ፣ የት እንደተቀመጠ ነጋዴው አያውቅም። አምራቹ አገልግሎቱን ያቋረጠ ቀን ካሜራው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፕላስቲክ ሆኖ ይቀራል። ይህ ሁሉ የሚመጣው ካሜራው አድራሻ ስለሌለው ነው። በአይፒቪ6 ካሜራው የራሱ አድራሻ ይኖረዋል፣ ነጋዴው በይለፍ ቃልና በምስጢር ቁልፍ ተጠብቆ በቀጥታ ይገባበታል፣ ሥዕሉም በአገር ውስጥ መስመር ሊጓዝ ይችላል።

እዚሁ ቅርባችን ወዳለው ወደ ቁሉምሳ ልውሰዳችሁ። የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማእከል የስንዴ ምርምር እምብርት ነው። የስንዴ በሽታ የሆነው ዋግ ምን እንደሚያደርግ ለአርሲ ገበሬ መንገር አያስፈልግም። በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ አገሪቱን መታ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ዲገሉ የተባለው ዝርያ ለግንድ ዋግ ተጋልጦ በባሌና በአርሲ ማሳው ወደመ። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ከዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማእከል ከሲሚት፣ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና ከብሪታንያ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ የዋግ ቅድመ ማስጠንቀቂያ አቋቁሟል። ባለሙያ ማሳ ለማሳ እየዞረ ያየውን ይመዘግባል፣ ነፋሱ የዋጉን ዘር ወዴት እንደሚወስደው በስሌት ይተነበያል፣ ገበሬው ሳይዘገይ መድኃኒት እንዲረጭ ይነገረዋል።

እንዲህ ያለው ትንበያ የሚጠራው ከማሳው በሚመጣው መረጃ ብዛት ነው። የእርጥበትና የሙቀት መጠን የሚለኩ፣ በትንሽ ባትሪ ለብዙ ወራት የሚሠሩ መሣሪያዎች ዛሬ በዓለም ገበያ አሉ። ከጭላሎ ግርጌ እስከ ካካ ተራራ ድረስ በየቀበሌው ጥቂት ጥቂት ቢተከሉ በሺህ ይቆጠራሉ። ለእነዚህ ከአሮጌው ክምችት አድራሻ ልስጥ ቢባል ከየት ይመጣል? እንዲህ ላሉ ደካማ ሬዲዮዎች ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2007 አይፒቪ6ን የሚያሳጥርና የሚያሸክም የተለየ ደንብ ወጥቷል። ማሳው ውስጥ ያለች ትንሽ መለኪያ ከዩኒቨርሲቲ ሰርቨር እኩል ሙሉ አድራሻ እንድትይዝ ታስቦ የተሠራ ነው።

እንግዲህ አዲሱ አድራሻ ምን ይመስላል? ርዝመቱ 128 ቢት ነው። ቁጥሩ 340 ተጽፎ ከኋላው 36 ዜሮ ቢደረደር የሚሰጠውን ያህል ነው። ይህን ያህል ብዛት በአእምሮ መያዝ አይቻልምና በሌላ መንገድ እናየዋለን። አንድ የኢንተርኔት አቅራቢ አፍሪኒክን ሲጠይቅ የሚሰጠው ትንሹ መደበኛ ድርሻ በውስጡ 4,294,967,296 መረቦችን ይይዛል። ልብ በሉ፤ ይህ በአሮጌው ዘዴ ለመላው ዓለም የነበረው የአድራሻ ብዛት ነው፣ እዚህ ግን የመረብ ቁጥር ሆኖ ለአንድ አቅራቢ ተሰጠ። እያንዳንዱ መረብ ደግሞ ከ18 ቢሊዮን ቢሊዮን በላይ አድራሻ ይችላል። በዚህ ስሌት ለአሰላ እያንዳንዱ ቤት አንድ ሙሉ መረብ፣ ለአርሲ ዩኒቨርሲቲ በሺዎች የሚቆጠሩ መረቦች መስጠት ቆጥቦ መስጠት ነው፤ ማባከን ሊባል አይችልም።

አጻጻፉ በስምንት ቡድን ነው፤ በየቡድኑ አራት አኃዝ አለ፣ አኃዞቹም ከ0 እስከ 9 እና ከኤ እስከ ኤፍ ያሉት ፊደላት ናቸው። የመጀመሪያው ግማሽ መረቡን፣ ሁለተኛው ግማሽ መሣሪያውን ያመለክታል። መሣሪያው ሲበራ ራውተሩ የመረቡን ግማሽ ያስታውቀዋል፣ የራሱን ግማሽ ራሱ ያወጣል፣ ሌላ እንዳልያዘው ጠይቆ ያረጋግጣል። በሺህ የሚቆጠር መለኪያ ማሳ ላይ ለሚተክል ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ አንድ በአንድ ቁጥር እየሰጠ አይዞርም። የፓኬቱም ግንባር ቀለል ብሏል፤ ሁልጊዜ 40 ባይት ነው፣ ራውተሮች በየደረሱበት የሚደግሙት የማረጋገጫ ስሌት ቀርቷል፣ ትልቅ ፓኬት መሰንጠቅም የላኪው ሥራ ብቻ ሆኗል።

አዲሱን የሚወድ ሰው ጉድለቱንም ሊናገር ይገባዋል። ሁሉም መሣሪያ የራሱ አድራሻ ካለው ይከታተሉኛል ብሎ መስጋት ተገቢ ነው። በእርግጥም መጀመሪያ ላይ አድራሻው ሁለተኛ ግማሹን ከመሣሪያው የማይለወጥ የፋብሪካ ቁጥር ይወስድ ነበር፤ ሰውየው ከአሰላ አዲስ አበባ ቢሄድ ያ ግማሽ አብሮት ይሄዳል። ይህ ተስተካክሏል፤ ዛሬ ስልኮች ያንን ግማሽ በዘፈቀደ ያወጡታል፣ በየጊዜውም ይለውጡታል። ሁለተኛው ስጋት ስለ ጥበቃ ነው። ብዙ የመሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ናትን እንደ አጥር ያዩታል። የናት ሥራ አድራሻ መተርጎም ነው፤ የመከለሉ ነገር በአጋጣሚ የመጣ ነው። አይፒቪ6 ሲገባ አጥሩን አውቆ ማጠር ግድ ነው፤ ፋየርዎሉ ያልተጠራ እንግዳ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ተብሎ መዘጋጀት አለበት። ይህን ሳያደርግ አዲሱን የሚያበራ መሥሪያ ቤት ራሱን ያጋልጣል። ደግሞም አይፒቪ6 መብራት አያመጣም፣ የዳታ ዋጋ በራሱ አይቀንስም፣ የተዘጋ ኢንተርኔት አይከፍትም። ከዚህ በላይ ቃል የሚገባላችሁ ቢመጣ አትመኑት።

በሌላው ዓለም ጉዞው ሩቅ ሄዷል። ሪላያንስ ጂዮ የተባለው የህንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 ሥራ ሲጀምር ለሚጠብቃቸው መቶ ሚሊዮኖች የሚበቃ አሮጌ አድራሻ እንደማያገኝ ያውቅ ነበርና ከመጀመሪያው በአይፒቪ6 ገነባ። ዛሬ ህንድ ከግማሽ በላይ ትራፊኳ በአዲሱ ነው። በጎግል መለኪያ የዓለም አማካይም ወደ ግማሽ ተጠግቷል። እኛም እንደዚያው ነን፤ ሕዝባችን ብዙ ነው፣ ገና ያልተገናኘው ብዙ ነው፣ ያለን የአሮጌው አድራሻ ጥቂት ነው። በኢትዮ ቴሌኮም ላይ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 ተጨምሮ ደንበኛ በሚያድግበት በዚህ ጊዜ አሮጌውን እየጠጋገኑ መቀጠል የሚያስከፍለው እየበዛ ይሄዳል።

ክፍያው ደግሞ በዶላር መሆን ጀምሯል። ከየካቲት 2024 ጀምሮ አማዞን ሰርቨር ለሚከራይ ሰው ሁሉ ለእያንዳንዱ የአይፒቪ4 አድራሻ በሰዓት ግማሽ የአሜሪካ ሳንቲም ያስከፍላል፤ በዓመት 44 ዶላር ያህል ይሆናል። አይፒቪ6 በነፃ ነው። በዚህ አዳራሽ ያለ ወጣት አንድ መተግበሪያ ሠርቶ አምስት ሰርቨር ቢከራይ በዓመት 220 ዶላር ያህል ለቁጥር ብቻ ይከፍላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ስለሆነ፣ ይህ ለጀማሪ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ስልኮቻችን ግን ተዘጋጅተው ነው የመጡት። አፕል እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2016 ጀምሮ በአይፒቪ6 ብቻ በሚሠራ መረብ ላይ የማይሠራ መተግበሪያ አይቀበልም፤ አንድሮይድም አሮጌውን በአዲሱ ላይ የሚያሳልፍ አስተርጓሚ በውስጡ ከያዘ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህ የቀረው ሥራ የመረቡ ባለቤቶች፣ የመሥሪያ ቤቶችና የመምህራን ነው።

እዚህ ላይ ለተወሰኑ ሰዎች በቀጥታ ልናገር። በዩኒቨርሲቲው፣ በሆስፒታሉ፣ በማዘጋጃ ቤቱ የአይሲቲ ኃላፊ የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች፤ በሚቀጥለው ጨረታ ሰነድ ላይ ራውተሩም፣ ፋየርዎሉም፣ ካሜራውም አይፒቪ6ን ሙሉ በሙሉ የሚደግፍ ይሁን፣ በርክክቡ ቀንም በፊታችሁ ተፈትኖ ይታይ ብላችሁ ጻፉ። አንድ ራውተር ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ዛሬ የምትገዙት ለነገ የሚያስራችሁ እንዳይሆን። የኢንተርኔት መስመር ውል ስታድሱ ለድርጅታችን የአይፒቪ6 ድርሻ ስጡን ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ጠያቂ የሌለው አገልግሎት ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይገፋል። በሕመምተኛ መዝገብ ወይም በደመወዝ ሥርዓት ላይ አትጀምሩት፤ ለሕዝብ ክፍት በሆነው ድረ ገጽና በእንግዳ ዋይፋይ ጀምሩ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ግቡ።

መምህራን ሆይ፤ ተማሪዎቻችሁ የአሮጌውን አድራሻ መከፋፈል ለፈተና ሸምድደው ይወጣሉ፣ አዲሱን በእጃቸው ሳይነኩት ይመረቃሉ። በራስ የውስጥ መረብ ብቻ እንዲሠራ ተብሎ በዓለም ደረጃ የተከለለ የአይፒቪ6 አድራሻ ክልል አለ፤ ፈቃድ አይጠይቅም። ሁለት አሮጌ ኮምፒውተርና አንድ ራውተር ካላችሁ በአንድ ከሰዓት የሚሠራ መረብ ይተከላል። ካዱ የተባለው የጭላሎ ግብርና ልማት ድርጅት በ1960 ዓ.ም. ገደማ በዚህ አካባቢ ሲቋቋም ምርጥ ዘርና ማዳበሪያን ከብዙው የአገራችን ክፍል ቀድሞ የሞከረው የአርሲ ገበሬ ነበር፤ በትንሽ ማሳ ሞክሮ፣ በዓይኑ አይቶ ነው ያሰፋው። የናንተም ላብራቶሪ በዚያው መንገድ ይጀምር፦ አንድ ክፍል ብቻ፣ ከአቅራቢው የተገኘ የአይፒቪ6 ድርሻ ያለው፣ አይፒቪ4 ጨርሶ የጠፋበት፣ ተማሪው የትኛው ድረ ገጽ እንደተከፈተለትና የትኛው እንዳልተከፈተለት እየመዘገበ ምክንያቱን የሚፈልግበት። የዚያን መዝገብ ውጤት ለከተማው መሥሪያ ቤቶችም አካፍሏቸው፤ የሚቀጥለውን ጨረታ የሚጽፉት እነሱ ናቸውና።